ዳሌና ራስ ቅል ሲጣሉ፦ ትራንስጀንደር የሆነ (ሲወለድ ከተባለው ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖር) ሰው አፅም እንዳያመልጠን

አዲስ ወደ አፅም ምርመራ ቤተ ሙከራችን ለሚገቡ ልጆች ቀድሜ የምለው ይሄን ነው፦ አፅሙን ሳታጥቡ ኤክስሬይ አንሱ። የጡት ሲሊኮን አፈር ሲለብስ የወደቀ ላስቲክ ይመስላል፤ ከጭቃው ጋር ይጣላል። ቁጥር ከተገኘበት ግን አምራቹ ጋር፣ ሲቀና ደግሞ ቀዶ ሕክምና የተሠራበት ቦታ ድረስ ያደርሳል።

ከዚያ ዳሌ። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምንጠቀምበት የፌኒስ ዘዴ የፊተኛውን የዳሌ አጥንት ቅርጽ ያያል፤ ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን ጉርምስና ካለፈ በኋላ የተወሰደ ሆርሞን የዳሌን ቅርጽ አይለውጥም። ስለዚህ ዳሌው ስለ ተፈጥሮ ጾታ እንጂ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ እንዴት እንደኖሩ አይነግራችሁም።

ፊት ላይ ረጋ በሉ። ፊትን የሴት ለማስመሰል በሚደረግ ቀዶ ሕክምና የቅንድብ አጥንት ይሞረዳል። አንዳንዴ የግንባሩ አጥንት ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ ይደረግና በታይታኒየም ብሎን ይታሰራል። የመንጋጋው ማዕዘንም ይቆረጣል። ኤክስሬዩ ላይ ብሎኖቹ ነጭ ነጥብ ሆነው ቁልጭ ይላሉ። የመኪና አደጋ ይሆን? ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ይህ ቀዶ ሕክምና ግን ግራ ቀኙን እኩል ይነካል። እናም ዳሌው ወንድ፣ ራስ ቅሉ ሴት ካላችሁ አማካይ አታውጡ። ልዩነቱን እንዳለ ጻፉት።

አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ሌክ ካውንቲ ውስጥ በ1988 እ.ኤ.አ. ሞታ የተገኘችውን፣ ማንነቷ ስላልታወቀ «ጁሊ ዶ» የተባለችውን አስታውሱ። ቀሚስ ለብሳለች፣ የጡት ሲሊኮን አላት፤ ዳሌዋ ላይ ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ስለታዩ ወልዳለች እስከማለት ተደረሰ። እነዚያ ጉድጓዶች ወንድም ላይ ይገኛሉ! በ2015 እ.ኤ.አ. ዲኤንኤው ወንድ ሆና መወለዷን አሳየ። ስሟ የታወቀው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያውም በጎ ፈቃደኞች የዘር ሐረግ ቆጥረው።

ትልቁ ጣጣ ያለው ፍለጋው ላይ ነው። ናሙስ በሚባለው የአሜሪካ የጠፉ ሰዎች መዝገብ ስትፈልጉ ጾታን ማጣሪያ አታድርጉ። ቤተሰብ «ወንድ ልጄ ጠፋ» ብሎ ያስመዘገበው ሰው እናንተ ጋ በቀሚስና በጆሮ ጌጥ የተኛችው ልትሆን ትችላለች።

ሪፖርት ላይ «ትራንስጀንደር ነች» ብላችሁ አትደምድሙ። አጥንት ይህን አይናገርም፤ ሲሊኮንም አፍንጫ ማሠራትም የማንም ሴት ነው። «የአጥንት ጾታ ግምት፦ ወንድ» ብላችሁ ልብሱን፣ ጌጡን፣ ቀዶ ሕክምናውን ለብቻ ዘርዝሩ። «የሴት ልብስ የለበሰ ወንድ» የሚለውን የድሮ አጻጻፍ እኔ ሳየው ያመኛል፤ ጓደኞቿ ጋዜጣ ላይ ቢያነቡትም እሷ መሆኗን አያውቁም። የፊት ሥዕል ሲሠራም በኖረችበት መልክ ይሳል፤ የሚያውቋት በዚያ ፊት ነውና።