20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ውስጥ 70 ሚሊ ሊትር አየር?

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው። የቻርልስን ሕግ (ግፊቱ ካልተለወጠ የጋዝ ይዘት ከሙቀቱ ጋር በተመጣጣኝ ያድጋል የሚለውን) ባስተማርኩ ቁጥር የፈተና ወረቀት ላይ አንድ መልስ አጥቼ አላውቅም። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ 15 ሚሊ ሊትር የነበረ አየር፣ ግፊቱ ሳይለወጥ ወደ 70 ዲግሪ ቢሞቅ ይዘቱ ስንት ይሆናል? ልጁ 15ን በ70 ያባዛል፣ ለ15 ያካፍላል፣ 70 ሚሊ ሊትር ብሎ ይጽፋል። ስንፍና አይደለም። ነገሩን በዓይኑ ስላላየው ነው። ስለዚህ አሁን ከቀመሩ በፊት ስሪንጁን አሳያለሁ። እናንተም ቤት ውስጥ ሞክሩት።

ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዙ። መርፌውን አውልቃችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። የመግፊያውን ጎማ አንድ ጠብታ ዘይት ቀቡት። ይህችን አትዝለሏት፤ ጎማው ከያዘ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። መግፊያውን 15 ላይ አቁሙና የስሪንጁን ጫፍ በሻማ አለስልሳችሁ በፒንሳ ጨፍልቁት። ሲቀዘቅዝ ቁጥሩን እንደገና አንብቡ። ፈቀቅ ብሎ ከሆነ የምትይዙት አዲሱን ነው። የክፍሉንም ሙቀት በቴርሞሜትር ለኩ፤ የኛ ክፍል ጠዋት ጠዋት 15 ዲግሪ ገደማ ነው።

ከዚያ ውሃ አሙቁ። መፍላት የለበትም (እዚህ ከፍታ ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል)፤ 70 ይበቃናል። አየር ያለበት የስሪንጁ ክፍል በሙሉ ውሃው ውስጥ ይግባ። እንዳይንሳፈፍ ያዙትና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። መግፊያው ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ይወጣል። ይህችን ሰዓት እወዳታለሁ፤ ያ ሁሉ የሚንጫጫ ክፍል ጸጥ ይላል።

ጎማው ትንሽ መያዙ ስለማይቀር፣ መግፊያውን በስሱ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁና አንብቡ። ሳብ አድርጋችሁም ልቀቁና አንብቡ። የሁለቱን አማካይ ውሰዱ። 18 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

አሁን ወደ ስሌቱ። ሴልሺየሱ ላይ 273 ደምሩና ወደ ኬልቪን ቀይሩት፦ 15 ዲግሪው 288፣ 70 ዲግሪው 343 ይሆናል። 15 ሲባዛ በ343፣ ሲካፈል ለ288፣ 17.9 ሚሊ ሊትር። ስሪንጁ ላይ ያያችሁት ይኸው ነው። የሴልሺየስ ዜሮ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ነው፤ አየሩ እዚያም ላይ ብዙ ሙቀት አለው። የሙቀት ዜሮ ከዚያ 273 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ኬልቪንም መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሙቀቱ እጥፍ ሆነ ማለት የሚቻለው ከዚያ ሲቆጠር ብቻ ነው።

ስሪንጁን አውጡትና ይቀዝቅዝ። ወደ 15 ካልተመለሰ አየር አፈትልኳል፤ በሌላ ስሪንጅ ጀምሩ።

ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ ልጆች ደግሞ ሁሌ የሚጠይቁኝ አለ። እዚህ የከደኑት ባዶ ሃይላንድ ታች ሲደርስ ጭምድድ ይላል። ታች ሞቃት ነው፤ ታዲያ ለምን አላበጠም? ቁልቁል ሲወረድ የአየሩ ግፊት ይጨምራል፣ ሙቀቱ ሊነፋው ከሚችለው በላይም ይጫነዋል። የኛን ስሪንጅ ግን የውጪው አየር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጫነው በአንድ ዓይነት ግፊት ነው። ጥያቄው ውስጥ «ግፊቱ ሳይለወጥ» የምትለዋን ቃል ካላገኛችሁ ይህን ስሌት አትጀምሩ።