የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድንዎ ለሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚጎድለው እንዴት ማወቅ ይቻላል?

የውድድር ዓመቱ በተጠናቀቀ ማግስት የደጋፊ ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማንን እናምጣ?» ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከስም በፊት ደቂቃ፣ ከደቂቃ ቀጥሎ ደግሞ ሥራ ይቆጠራል። ቡድኑ ስንት ደቂቃ አጣ? በእነዚያ ደቂቃዎች ይሠራ የነበረው ሥራ ምን ነበር? ይህን ሳይመልስ ገበያ የሚወጣ ደጋፊ ሁልጊዜ የሚመኘው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ አንድ ነጥብ አስቆጣሪና አንድ ረጅም። አንዳንድ አሰልጣኞችም ከዚህ አይሻሉም።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር እርሳስ፣ አንድ ገጽ ወረቀትና የቡድኑን የዓመት አኀዝ ብቻ ይፈልጋል። ምሳሌ የማደርገው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2025 ሳን አንቶኒዮ ላይ ሂውስተንን 65 ለ 63 አሸንፎ ሻምፒዮን የሆነውን የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲን የወንዶች ቡድን ነው። ዋንጫ የወሰደ ቡድንም በማግስቱ ጎዶሎ እንደሚሆን ከእርሱ አሳምሮ የሚያሳይ አላውቅም።

መጀመሪያ ደንቡን ይወቁ

የአውሮፓን እግር ኳስ የሚከታተል አንባቢ የዝውውር መስኮት ምን እንደሆነ ያውቃል። በአሜሪካ ኮሌጆች ግን ዩኒቨርሲቲ ለዩኒቨርሲቲ የሚከፍለው የዝውውር ሂሳብ የለም። ተጫዋቹ ከ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ በሚሠራው የዝውውር ፖርታል፣ ማለትም መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች መዝገብ፣ ስሙን ያስመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የፈለገው ዩኒቨርሲቲ ያነጋግረዋል። ድሮ የተዛወረ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ቁጭ ብሎ ያሳልፍ ነበር። በ2021 አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት መዛወር ተፈቀደ፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ በትምህርቱ ብቁ እስከሆነ ድረስ የፈለገውን ያህል ጊዜ መዛወር ይችላል። በ2025 መስኮቱ ከማርች 24 እስከ ኤፕሪል 22 ክፍት ነበር። ቀኑ ስለሚለዋወጥ የዓመትዎን ያረጋግጡ። መስኮቱ ሲዘጋ የሚያበቃው ምዝገባው ብቻ ነው፤ የተመዘገበ ተጫዋች ከዚያ በኋላም ቡድን መምረጥ ይችላል። ስለዚህ በኤፕሪል መጨረሻ ወንበር ባዶ ሆኖ ቢያዩ አይደንግጡ።

ገንዘቡም ተለውጧል። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች ከ2025–26 ጀምሮ ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለሁሉም ስፖርቶች በጠቅላላ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የዚህን ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። ስምምነቱን የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድናቸው እስከ 15 ሰው ሊይዝ ይችላል፤ ቀድሞ ሙሉ የትምህርት ዕድል የሚሰጠው ለ13 ብቻ ነበር።

አንደኛ፦ ስሞቹን በሦስት ዓምድ ይክፈሉ

የሄዱ፣ የሚቀሩ፣ ያልታወቁ። የሄዱት በኮሌጅ የተፈቀደላቸውን የመጫወቻ ዓመታት የጨረሱ፣ በፖርታል የወጡና ወደ ኤንቢኤ የገቡ ናቸው። አስቸጋሪው ሦስተኛው ዓምድ ነው። ለኤንቢኤ ምርጫ (የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ለሚመርጡበት ሥርዓት) የተመዘገበ ተጫዋች እስከተወሰነ ቀን ድረስ ስሙን አንስቶ ወደ ኮሌጅ መመለስ ይችላል፤ በ2025 ቀነ ገደቡ ሜይ 28 ነበር። አውስትራሊያዊው የፍሎሪዳ ግዙፍ አሌክስ ኮንደን ለምርጫው ተመዝግቦ ነበር፤ ወደ ኮሌጅ መመለሱ የታወቀው ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ነው። ደጋፊው እስከዚያ ድረስ በእርሱ ላይ ዕቅድ ቢያወጣ ኖሮ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበት ነበር። ያልታወቁትን በእርሳስ ይጻፉ፤ ዕቅዱንም ሁለት ጊዜ ይሥሩ፤ አንዴ ከእነርሱ ጋር፣ አንዴ ያለ እነርሱ።

ሁለተኛ፦ 200 ደቂቃውን ይደልድሉ

የኮሌጅ ጨዋታ ያለ ጭማሪ ሰዓት 40 ደቂቃ ነው፤ ሜዳ ላይ አምስት ሰው አለ። ስለዚህ አሰልጣኙ በየጨዋታው የሚያከፋፍለው 200 ደቂቃ ነው፤ አንድም አይጨመር፣ አንድም አይቀነስ። ለደጋፊ ከዚህ ቁጥር የበለጠ አደብ የሚያስገዛ ነገር የለም። «እገሌንም እናምጣ፣ እገሌንም» የሚል ሰው ዝርዝሩን ሲደምር 280 ደቂቃ ይደርስበታል። 80 ደቂቃ ቤንች ላይ የሚቀመጡት ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት ፖርታል ውስጥ ናቸው።

ፍሎሪዳን እንውሰድ። ዋልተር ክሌይተን፣ አሊጃ ማርቲንና ዊል ሪቻርድ ሦስቱም ጋርዶች፣ ማለትም ከቅርጫቱ ርቀው የሚጫወቱ፣ ነበሩ፤ ሦስቱም ዓመታቸውን ጨረሱ። እያንዳንዳቸው ሠላሳ ደቂቃ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጫወቱ ስለነበር ከ200ው ወደ 90 የሚሆነው በአንድ ሌሊት ባዶ ሆነ። አራተኛው ጋርድ ዴንዘል አበርዲን ወደ ኬንታኪ ሲዛወር ሌላ 20 ደቂቃ ያህል ተጨመረ። በነጥብ ሲታይም ሦስቱ ጋርዶች በአማካይ 18.3፣ 14.4 እና 13.3 ያስቆጥሩ ነበር፤ ሲደመር 46፣ ማለትም ቡድኑ በጨዋታ ከሚያስቆጥረው ከግማሽ በላይ። በሌላ በኩል ኮንደን፣ ቶማስ ሃውና ናይጄሪያዊው ሩበን ቺንዬሉ ቀርተዋል፤ ከቅርጫቱ ሥር ያለው ክፍል ሙሉ ነው ማለት ነው። ይህን ወረቀት ላይ ያሰፈረ ደጋፊ ሌላ ረጅም ሰው እንዲመጣ አይለምንም።

ሦስተኛ፦ በሽታውን ይለዩ

የሄደውን መተካት የሥራው ግማሽ ነው። ቡድንዎ ባለፈው ዓመት በምን ይሸነፍ እንደነበር ካላወቁ የቀድሞውን ድክመት በአዲስ ሰው ይደግሙታል። ዲን ኦሊቨር የተባለው ተንታኝ ጨዋታን በአራት ነገር ይመዝናል፤ የውርወራ ጥራት (40 በመቶ ያህል ክብደት)፣ ኳስ አለማባከን (25)፣ ሪባውንድ፣ ማለትም የሳተ ውርወራን ኳስ መሰብሰብ (20) እና የቅጣት ውርወራ ማግኘት (15)። በማጥቃትም በመከላከልም ስለሚሰሉ ስምንት ቁጥሮች ይወጣሉ።

የውርወራ ጥራት ሲሰላ የገቡት ውርወራዎች ላይ የሦስት ነጥቦቹ ግማሽ ይደመርና ለጠቅላላው ሙከራ ይካፈላል። ከአሥር የሦስት ነጥብ ሙከራ አራት ያገባ 60 በመቶ፣ ከአሥር የሁለት ነጥብ ሙከራ አምስት ያገባ 50 በመቶ ይሆናል፤ የመጀመሪያው 12 ነጥብ፣ ሁለተኛው 10 ነጥብ አስገኝቷልና።

ኳስ ማባከን ደግሞ በጨዋታ ስንት ጊዜ ተብሎ ሳይሆን ከኳስ ይዞታ ብዛት አንጻር ይለካ። የይዞታው ብዛት የሜዳ ውርወራ ሙከራ፣ ሲቀነስ የማጥቃት ሪባውንድ፣ ሲደመር የባከነ ኳስ፣ ሲደመር የቅጣት ውርወራ በ0.475 ተባዝቶ ነው። አንድ ቡድን 60 ወርውሮ፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድ አግኝቶ፣ 14 ኳስ አባክኖ፣ 20 የቅጣት ውርወራ ከወረወረ ይዞታው 73.5 ነው፤ ያባከነውም ወደ 19 በመቶ። ቁጥሩ 20 ሲጠጋ ነገሩ በሽታ ነው።

ለዚህ ቁጥር ብዙ ቦታ የሰጠሁት በምክንያት ነው። መከላከያው የፈረሰ የሚመስል ቡድን ብዙ ጊዜ የሚሰቃየው በገዛ ማጥቃቱ ነው። ጋርዱ መሀል ሜዳ ላይ ኳስ ሲነጠቅ ባላጋራው ባዶ ቅርጫት ላይ ያገባል፤ ደጋፊው ያንን አይቶ «ከሥር የሚከላከል ረጅም የለንም» ይላል። ሁለት ሜትር ከአሥር የሚረዝም ሰው ቢመጣ እንኳ በዚያች ቅጽበት ያለው ከሌላኛው ቅርጫት ሥር ነው። መድኃኒቱ ኳስ የማያስነጥቅ ጋርድ ነው።

ስሌቱን ራስዎ መሥራት ካልፈለጉ የባርት ቶርቪክ ድረ ገጽ በነፃ ያቀርበዋል፤ የኬን ፖምሮይ ገጽ ክፍያ ይጠይቃል። ሁለቱንም ሲጠቀሙ የኖቬምበርን ድሎች ትተው የኮንፈረንስ (ቡድኑ የሚወዳደርበት ምድብ) ጨዋታዎችን ብቻ ያጣሩ። ትልቁ ቡድን ገንዘብ ከፍሎ በጋበዘው ደካማ ቡድን ላይ የተገኘ አኀዝ ከማሳወቅ ይልቅ ያሳስታል።

አራተኛ፦ ከቦታ ስም ይልቅ ሥራውን ይጻፉ

«ጋርድ ያስፈልገናል» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ከፍሎሪዳ ሦስት ጋርዶች ክሌይተን ጨዋታ ሲጨነቅ ራሱ ፈጥሮ የሚያስቆጥር ነበር፤ በግማሽ ፍጻሜው ኦበርን ላይ 34 ነጥብ አስቆጥሯል። ሪቻርድ ግን ኳስ ብዙ ሳይዝ ጥግ ላይ ቆሞ የሚያነጣጥር፣ የባላጋራን ጋርድ የሚከታተል ሰው ነበር፤ በፍጻሜው ክሌይተን በመጀመሪያው አጋማሽ አንድም ነጥብ ሳያገኝ ሲቀር ቡድኑን ያቆየው እርሱ ነው፤ በ18 ነጥብ ጨረሰ። ስለዚህ በባዶው ቦታ ፊት የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ጫና ሲበዛ ኳስ ይዞ የሚወጣ፣ ያለ ኳስ የሚያነጣጥር፣ ፈጣን ጋርድ የሚከላከል፣ ቅርጫት የሚጠብቅ፣ ሪባውንድ የሚሰበስብ። አንድ ሰው ሁለቱን ከሠራ እሰየው፤ ሦስቱን የሚሠራ ካገኙ ደግሞ ኤንቢኤ ቀድሞ አይቶታል።

አሰልጣኝ ቶድ ጎልደን ካመጣቸው መካከል ዋናዎቹ ከፕሪንስተን ዜይቪየን ሊ፣ ከአርካንሳስ ቡጊ ፍላንድ ነበሩ። ሁለቱም ኳስ ይዘው መጫወት የለመዱ ናቸው፤ ሊ በፕሪንስተን 16.9 ነጥብና 5.5 አሲስት (ነጥብ ያስገኘ ማቀበል) በአማካይ ነበረው። የክሌይተን ሥራ አመልካች አገኘ፤ የሪቻርድ ሥራ ግን በእነርሱ አልተሞላም። ቡድኑ የአዲሱን ዓመት የመክፈቻ ጨዋታ በአሪዞና 93 ለ 87 ተሸነፈ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም የሦስት ነጥብ ውርወራ እንቢ አለው። ከቅርጫት ሥር ያለው ኃይል ግን እንደታሰበው ነበር። ወረቀቱ ይህን በሜይ ወር ሊነግርዎ ይችል ነበር።

አምስተኛ፦ የሚቀሩትን በልክ ይገምቱ

በ10 ደቂቃ 5 ነጥብ ያገኘ ልጅ በ30 ደቂቃ 15 ያገኛል የሚለው ስሌት የደጋፊ ሁሉ ወጥመድ ነው። ያችን 10 ደቂቃ የተጫወተው ከደከሙ ተቀያሪዎች ጋር ነው። የሚታመነው ዕድገት ቀድሞም ከ20 ደቂቃ በላይ በከባድ ጨዋታዎች የታየ ሰው ዕድገት ነው። ቶማስ ሃው በሻምፒዮናው ዓመት በብዛት ከቤንች እየተነሣ ወደ 10 ነጥብ ያስቆጥር ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ቋሚ ተሰላፊና ከቡድኑ ዋና አስቆጣሪዎች አንዱ ሆነ። ያ ድንገተኛ አልነበረም።

ስድስተኛ፦ ገበያውን ያንብቡ

የሦስት ነጥብ መቶኛን ብቻውን አይመኑ። ከ25 ሙከራ 12 ያገባ 48 በመቶ አለው፤ ከ216 ሙከራ 80 ያገባ ደግሞ 37 በመቶ። እኔ ሁለተኛውን እወስዳለሁ፤ የቅጣት ውርወራው 85 በመቶ ከሆነ ደግሞ ዓይኔን ሳላሽ እወስደዋለሁ፤ ብዙ ሙከራና ጥሩ የቅጣት ውርወራ የእጅ ጥራት ምስክሮች ናቸውና።

ከትንሽ ኮንፈረንስ የመጣን ሰው አይናቁ። ክሌይተን ከአዮና፣ ማርቲን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ፣ ሪቻርድ ከቤልሞንት ነው የመጡት። ሆኖም አማካዩን ትተው ትልልቅ ቡድኖችን በገጠመባቸው ጥቂት ጨዋታዎች ምን እንዳደረገ ይዩ። ከታች የመጣ አስቆጣሪ ከላይ ሲደርስ ነጥቡ ይቀንሳል፤ ቶሎ የማይቀንሱት ሪባውንድ የመሰብሰብና ኳስ ያለማስነጠቅ ችሎታዎች ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንባቢ ይህን በዓይኑ ለማየት ዕድለኛ ነው፤ ጆርጅታውን፣ ሜሪላንድ፣ ጆርጅ ሜሰንና ሃዋርድ ሁሉም ቅርብ ናቸው፤ የሃዋርድን ጨዋታ ቲኬት ለማግኘትም ብዙ መድከም አያስፈልግም።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን በተመለከተ አጭር ምክር አለኝ፤ በአገሪቱ ከምርጥ አሥር ውስጥ የማይመደብ ከሆነ ለ15 ደቂቃ ብቻ ያስቡት። ከውጭ አገር የሚመጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዕድሜና በልምድ የበሰሉ ቢሆኑም፣ የተማሪ ቪዛ የሥራ ገደብ ስላለው የክፍያው ነገር ይወሳሰባል።

ሰባተኛ፦ በቅደም ተከተል ያስቀምጡ

አሁን ከሦስት የማይበልጡ ሥራዎችን ይምረጡ፤ ያለ እነርሱ ቡድኑ የማይቆምባቸውን። ለእያንዳንዱ ከፖርታሉ ሁለት ወይም ሦስት ስም ይጻፉ፤ አንዱ በገንዘብ አቅም የሚደረስበት ይሁን። አሰልጣኙ ከተቀየረ ግን ዝርዝሩን ይቅደዱት፤ ለዚያ ቡድን ተጫዋቾች የተለየ መስኮት ስለሚከፈት የሚቀር ያሉት ሁሉ ሊሄድ ይችላል። ጆን ካሊፓሪ በ2024 ኬንታኪን ለቅቆ ወደ አርካንሳስ ሲሄድ ተተኪው ማርክ ፖፕ ቡድኑን ከባዶ ነው የሠራው፤ ያም ሆኖ ከመጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች አንዱ ሆነ።

ከ15ቱ ወንበር ዘጠኝ ወይም አሥሩ ላይ ደቂቃ ካከፋፈሉ በኋላ ለቀሩት ሌላ ታዋቂ ስም አይፈልጉ። እዚያ የሚቀመጠው አንድ ዓመት ለመጠበቅ የተዘጋጀ፣ ገና ጡንቻው የሚገነባ ልጅ ነው፤ በሚቀጥለው ኤፕሪል ከሦስቱ ዓምዶች «የሚቀሩ» በሚለው ሥር ስሙን የሚጽፉለት።