ዝንቡን ከመቀየራችሁ በፊት፦ ጣና ላይ በሰማጭ ክር ማጥመድ፣ ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ላይ በዘንግና በላባ ዝንብ፣ ማለትም መንጠቆ ላይ ላባ ታስሮ በሚሠራ ሰው ሠራሽ ማታለያ፣ የሚያጠምድ ሰው ብዙ አይደለም። ጣና የመረብና የታንኳ ሐይቅ ነው። የሚሞክሩት ሰዎች ቅሬታ ግን ይመሳሰላል፦ «ዛሬ አሳው እምቢ አለ።» ከዚያ ሳጥን ይከፈታል። ቀዩ ዝንብ ወጥቶ ጥቁሩ ይገባል፣ ጥቁሩ ወጥቶ ነጩ። እኔን ከጠየቃችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዝንቡ አይደለም። ወይ ጥልቀቱ ተስቷል፣ ወይ ክሩ ላልቷል።

የማወራው ስለዚህ አደራረግ ነው፦ ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ ዋና ክር፣ ከሱ ቀጥሎ 4 ሜትር ገደማ ቀጭን ናይለን፣ ናይለኑ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዝንብ። አንዱ ጫፉ ላይ ይታሰራል። ሌሎቹ ከጎን በወጣ አጭር ቅርንጫፍ ላይ።

ቀኑን ሙሉ ወርውሬ አንድም አልነካኝም

መጀመሪያ የምትፈልጉት አሳ የትኛው እንደሆነ እንለይ። ዙሪያችሁን ውሃውን የሚያንቦጫርቀው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከሆነ ብዙም አትልፉ። የጣና ቆሮሶ በአብዛኛው የሚበላው አልጌ ነው፣ ዝንባችሁን ዞር ብሎ አያየውም። የእናንተ አሳ ነጭ አሳ ነው። ጣና ውስጥ 15 የትልልቅ ነጭ አሳ ዝርያዎች ተለይተዋል፣ ከነሱ 8ቱ ሌላ አሳ የሚበሉ ናቸው። ትንሽ አሳ የሚመስል ዝንብ የሚያሳድዱት እነዚህ ናቸው። አምባዛም አልፎ አልፎ ይነክሳል።

ትክክለኛውን አሳ እየፈለጋችሁ ምንም ካልነካ፣ ዝንቦቹ ከአሳው በላይ ወይም በታች እያለፉ ነው ማለት ነው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በጣም ከባድ ክር ለመግዛት ገንዘባችሁን አትጣሉ።

የክሩ ካርቶን ላይ በሰከንድ ስንት ኢንች እንደሚሰምጥ ተጽፏል። 3 የሚል ከሆነ በሰከንድ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። 3 ሜትር ለመድረስ 40 ሰከንድ ይፈልጋል። 6 የሚለው ደግሞ እዚያው ጥልቀት 20 ሰከንድ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ወርውሮ አምስት ሳይቆጥር መጎተት ይጀምራል። ዝንቡ ግማሽ ሜትር እንኳ ሳይወርድ ማለት ነው።

መፍትሄው መቁጠር ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ክሩ ውሃ ከነካበት ጊዜ ጀምራችሁ ቁጠሩ። መጀመሪያ እስከ 10፣ ቀጥሎ እስከ 20፣ ቀጥሎ እስከ 30። የሆነ ነገር ሲነካ ቁጥሩን ያዙት፣ የሚቀጥለውንም በዚያው ቁጥር ወርውሩ። መንጠቆው ጭቃ ወይም ሣር ይዞ ከወጣ ከቁጥሩ ላይ አምስት ቀንሱ። አጎታተታችሁም ጥልቀቱን ይለውጠዋል፦ በፍጥነት ሲጎተት ዝንቡ ወደ ላይ ይነሳል። በ30 ቆጥራችሁ እየሮጣችሁ ከጎተታችሁ የቆጠራችሁት ሁሉ ከንቱ ነው።

የዝንብ ቀለም የምር የሚያሳስበው ውሃው ሲደፈርስ ነው። በክረምትና ክረምቱ እንደወጣ ወንዞቹ ጭቃ ያመጣሉ። ያኔ ጥቁርና ደልደል ያለ ዝንብ ከሚያብረቀርቀው ይሻላል፣ ቅርጹ ስለሚታይ።

ነካ ነካ ያደርጋል እንጂ አይያዝም

ነጭ አሳ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። የሚበላውን በአፉ ስቦ ያስገባል፣ ካልጣመው ወዲያው ይተፋል። ክሩ ላላ ካለ እናንተ ሳታውቁ ገብቶ ወጥቷል። ትልቅ ዝንብም እዚህ ላይ ይጎዳል፤ ይህ አሳ ትልቅ ነገር ይዞ የሚገነጥልበት መሣሪያ የለውም። የጣት ርዝመት ያለው ይበቃል።

የክሩ መላላት ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛ፣ ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ ስትይዙ። ከዘንጉ ጫፍ እስከ ውሃው የተንጠለጠለው ክር ንክኪውን ይውጠዋል። ጫፉን ውሃው ውስጥ ጣት ያህል አስገቡትና ቀጥታ ወደ ክሩ አመልክቱ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ክር ወገቡ ከጫፉ ቀድሞ ይሰምጥና ይጎብጣል። ሲነካ የሚሰማችሁ ጉብጠቱ እንጂ አሳው አይደለም። ጫፉ እኩል የሚሰምጥ ክር ግዙ፣ ካልሆነ ወርውራችሁ እንደጨረሳችሁ አንዴ ረጅም ሳቡና አቅኑት። ሦስተኛ፣ ጀልባው። ነፋስ ጀልባውን ወደ ዝንቦቹ እየገፋው ከሆነ፣ የምትጎትቱት ያው የላላውን ክር ብቻ ነው። ከኋላ ውሃ ውስጥ እንደ ጃንጥላ የሚከፈት ሸራ ጣሉ፣ ጀልባውን ያዘገየዋል።

ሲነካ ዘንጉን ወደ ላይ አትመንጭቁ። በግራ እጃችሁ ክሩን ረዘም አድርጋችሁ ሳቡ። ከሳተው ዝንቡ እዚያው አፉ አጠገብ ይቀራል፣ ሊደግመው ይችላል። አሁንም ካልያዘ መንጠቆውን አውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ አስቀምጡ። ከተንሸራተተ ደንዟል። ሞርዱት።

ስወረውር ሁሉም ይተበተባል

ከሰዓት በኋላ ነው አይደል? ጠዋት ጣና ይረጋል። ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሳል፣ ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ የቆመ ሰው ፊት ለፊት ይመታዋል። በማለዳ ውጡ፣ ወይም ወደ ዘጌ በኩል ነፋሱን የሚከልል ጥግ ፈልጉ።

የቀረው የአሠራር ጉዳይ ነው። ቅርንጫፉ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ከረዘመ ናይለኑ ላይ ይጠመጠማል። በዝንብና በዝንብ መካከል ከ1.5 ሜትር አያንስ። ከባዱ ዝንብ ሁሌም ጫፉ ላይ። አወራወራችሁ ዝግ ይበል፣ ክሩ ከኋላ እስኪዘረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ በሰፊው ወደፊት። ሰማጭ ክርን ከውሃ ውስጥ በአንድ ጊዜ መንጭቆ ለማንሳት መሞከር ዘንግ ያሰብራል። መጀመሪያ ወደፊት አንከባልላችሁ ውሃው ላይ አውጡት፣ ከዚያ አንሱ። አሁንም ካስቸገረ አንዱን ዝንብ ቁረጡ። ሁለት ዝንብ በሥርዓት ከሦስት የተተበተበ ይሻላል።

ናይለኑ ላይ ሳታስቡት የተቋጠረች ትንሽ ቋጠሮ ካያችሁ ለመፍታት አትታገሉ። ፈታችኋትም አልፈታችኋትም እዚያ ቦታ ናይለኑ ደክሟል። ቀይሩት።

እስከ ጀልባው ተከትሎ ይመለሳል

ዝንቡን ቶሎ ከውሃ እያወጣችሁበት ነው። 3 ሜትር ገደማ ሲቀር አቁሙ። ዝም ብላችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ከዚያ ዘንጉን ቀስ እያላችሁ አንሱ። ዝንቦቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ ሲወጡ ተከትሎ የመጣው አሳ አንዱን ይመርጣል። ክሩ ላይ የት ማቆም እንዳለባችሁ በደማቅ ክር ምልክት እሰሩ።

መንጠቆው ሣርና መረብ ይይዛል

ጫፉ ላይ በስፖንጅ የተሠራ ተንሳፋፊ ዝንብ እሰሩ። ክሩ ሲሰምጥ እሱ ሌሎቹን ከመሬቱ ከፍ አድርጎ ይይዛቸዋል። ደንገል ዳር ወይም እምቦጭ ባለበት ይህ ዘዴ ብዙ ዝንብ ያተርፋል። ውሃው ላይ ተሰልፈው የሚንሳፈፉ ነገሮች ካያችሁ ግን ከሥር መረብ አለ፣ የሰው እንጀራ ነውና ራቁ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢም ጉማሬ አለ፤ የጀልባ ነጂው «አይሆንም» ካለ አትከራከሩት።

አሳው ተይዞ፣ ቀሪው መንጠቆ እጄን ወጋኝ

የመንጠቆዎቹን እሾህ፣ ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረችውን፣ አስቀድማችሁ በፒንሳ ደፍጥጡ። ከእጅም ከአሳም በቀላሉ ይወጣል። የምትለቁት ከሆነ ውሃ ውስጥ እንዳለ ንቀሉት። የጀልባው ነጂ እንደ እብድ ያያችኋል፣ በተለይ በሁዳዴ።

አንድ ቦታ ላይ ከልክ ያለፈ ይያዛል

ይህም ችግር ነው። ወሩ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከሆነና ቦታው ግልገል አባይ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ከሆነ፣ ምክንያቱ የእናንተ ጎበዝነት አይደለም። ከነጭ አሳ ዝርያዎች ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወንዝ ይወጣሉ፣ ከመውጣታቸው በፊት የወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ክሩን ሰብስቡና ወደ ክፍቱ ሐይቅ ተመለሱ፣ እዚያም ከ10 ጀምራችሁ ቁጠሩ።