የመምህራንን ቁርጠኝነት ከታረመ ፈተና ላይ ማንበብ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የአካውንቲንግ ትምህርት ክፍልን ስመራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ዲን ወይም ባለቤት ከሆኑና «ሠራተኞቼ ቁርጠኝነት ጎድሏቸዋል» ብለው ከተጨነቁ፣ መጠይቅ ለመበተን አይቸኩሉ። ሃያ መምህር ባለበት ቤት ስም ባይጻፍም የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል፤ ማንም እውነቱን አይሞላልዎትም።

ይልቅ የታረመ የፈተና ወረቀት ያስመጡ። እኔ ሁለት እስር ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻለሁ። በአንደኛው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «12/20» ብቻ ተጽፏል። በሌላኛው ተማሪው የተከፈለ ጥሬ ገንዘብን ክሬዲት ማድረግ ሲገባው ዴቢት ካደረገበት መስመር ጎን «ገንዘቡ ከእጃችን ከወጣ ለምን ዴቢት ሆነ? ሦስተኛውን ምሳሌ እንደገና ሥራው» የሚል አለ። የሁለቱ መምህራን ደመወዝ እኩል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአገር አቀፉ የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ያላመጣ ተማሪ ዲግሪውን አያገኝም። ያቺ የዳር ማስታወሻ ዋጋዋ እዚያ ይታያል።

ቀጥሎ መምህሩ ለምን እንደቆየ ይለዩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ሜየርና ናታሊ አለን እ.ኤ.አ. በ1991 ቁርጠኝነትን በሦስት ከፍለውታል፦ ተቋሙን ወድዶ መቆየት፣ ብወጣ እጎዳለሁ ብሎ መቆየት፣ መቆየት ይገባኛል ብሎ መቆየት። ከሥራ ውጤት ጋር አጥብቆ የሚያያዘው የመጀመሪያው ነው። መሄጃ አጥቶ የተቀመጠ ሰው የስም መጥሪያውን ይሞላል፤ ወረቀቱ ዳር ላይ ግን አይጽፍም።

መውደድን የሚገድለው ገንዘብ ማነሱ ብቻ አይደለም። ቀድሞ በሠራሁበት ኮሌጅ ለጡረታ 7 በመቶ ከደመወዛችን ይቆረጥ ነበር፤ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባት ሲገባው ለወራት አላስገባም። ይህ በታወቀ ሰሞን፣ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ተማሪ ሰብስቦ ያስጠና የነበረ ባልደረባዬ ሰዓቱ ሲሞላ መጽሐፉን አጥፎ መውጣት ጀመረ። አልፈረድኩበትም። ስለዚህ ደመወዝን በቀኑ ይክፈሉ፤ የጡረታውን ደረሰኝ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚገባውን 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ እንደ ችሮታ አይስጡ።

በሰዓት ለሚከፈላቸው መምህራን ውሉን ከሴሚስተሩ በፊት ያስፈርሙ፤ ፈተና የሚያርሙበትን ሰዓትም ይክፈሉ። አለበለዚያ «12/20» የምትለዋን ብቻ ነው የገዙት።

ትንሽ የሚመስለውንም አይናቁ። የታኅሣሥን ውርጭ የደብረ ብርሃን ሰው ያውቀዋል። የመምህራን ክፍላችን መስኮት ተሰብሮ ስለነበር ሁሉም የሚያርመው ቤቱ ወስዶ ነበር። መስታወት አስገጠምን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ አስቀመጥን። ጋቢ ለብሰው እዚያው ማረም ጀመሩ፤ «ይቺ ልጅ አንተም ጋ እንዲህ ትሳሳታለች?» መባባል መጣ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያንኑ የፈተና እስር እንደገና ያስመጡና ዳር ዳሩን ይዩ።