ሰርቨሩ ያለ ሰው እጅ ተጭኖ ኔትወርኩ ወይም ስሙ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ኪክስታርት፣ ፕሪሲድና ኦቶኢንስቶል የተባሉት የሊኑክስ አጫጫን ዘዴዎች የሚወደዱት ሥራው ሰው ሳይጠብቅ ስለሚያልቅ ነው። ጫኚው ፕሮግራም የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ መልሱን ሁሉ አስቀድሞ ከተጻፈ የመልስ ፋይል ያነባል፤ ያ ፋይል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ሰርቨሩ ከሚቆምበት ቦታ ርቆ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ አዳማ የሆነ ድርጅትን ለምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ ላይ ተሞክሮ እንከን ያልተገኘበት ፋይል አዳማ ላይ ከሌላ ስዊች፣ ከሌላ ራውተርና ከሌላ የአይፒ ክልል ጋር ሲገናኝ፣ ሰርቨሮቹ ተጭነው ቢያበቁም ማንንም ማግኘት ያቅታቸዋል። እንዲህ ሲሆን አንዳች ነገር ከመነካቱ በፊት የተሳሳተውን ቅንብር የጻፈው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው ሳይታወቅ በእጅ የታረመ ፋይል ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ወደ ቀድሞው ስህተት ይመለሳልና።

ፍተሻው ከታች ወደ ላይ ይሂድ። በመጀመሪያ በ«አይፒ አድር» ትእዛዝ ማሽኑ አድራሻ ማግኘቱን፣ ቀጥሎ በ«አይፒ ራውት» ጌትዌይ (ወደ ሌሎች ኔትወርኮች መውጫ በር) መኖሩን፣ ከዚያም ጌትዌዩ ለፒንግ መልስ መስጠቱን ይመልከቱ። እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ብቻ «ጌትኤንት ሆስትስ» በሚለው ትእዛዝ አንድ ስም ወደ አድራሻ መፈታቱን ይሞክሩ።

ምልክት፦ ማሽኑ ተጭኖ ተነሥቷል፣ አድራሻ ግን የለውም

በጣም የተለመደው ምክንያት የኔትወርክ ካርዱ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው ሲስተምዲ 197 (ሊኑክስ ሲነሣ አገልግሎቶችን የሚያስነሣና የሚያስተዳድር ፕሮግራም) ወዲህ ካርዶች «ኢቲኤች0» በሚለው ስም ፈንታ በተሰኩበት ቦታ ላይ የተመሠረተ ስም ይሰጣቸዋል። በመሆኑም በመልስ ፋይሉ ላይ የተጻፈው ስም በአንዱ ሞዴል ሰርቨር ላይ ሲሠራ በሌላው ላይ ባለቤት አልባ ይሆናል። በኪክስታርት የስም ቦታ ላይ «ሊንክ» ብሎ መጻፍ ጫኚው ኬብል የተሰካበትንና ሕይወት ያለውን ካርድ ራሱ እንዲመርጥ ያደርገዋል፤ በኔትፕላን (የኡቡንቱ የኔትወርክ ቅንብር መሣሪያ) ደግሞ ካርዱን በማክ አድራሻው (በካርዱ የራሱ መለያ ቁጥር) ማመልከት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ስዊቹ ሲሆን፣ ይህን የሚጠረጥረው ሰው ጥቂት ነው። ስፓኒንግ ትሪ (ትራፊክ በስዊቾች መካከል ያለ ማቋረጥ እንዳይዞር የሚከላከል ዘዴ) የሚሠራበት ስዊች አንድ ፖርት ሲነሣ ወዲያው ትራፊክ አያሳልፍም፤ በመደበኛው አሠራር 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ ይከፍታል። በኔትወርክ በሚካሄድ ጭነት ግን ካርዱ መጀመሪያ በፈርምዌሩ፣ ቀጥሎ በጫኚው ከርነል፣ በመጨረሻም በተጫነው ሲስተም እጅ ሲገባ ሊንኩ ሊወድቅና ሊነሣ ስለሚችል 30 ሰከንዱ በየጊዜው እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ ከዲኤችሲፒ (ለማሽኖች አድራሻ የሚያድል አገልግሎት) አድራሻ የሚጠይቀው ፕሮግራም ደግሞ ያን ያህል ላይታገሥ ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስዊቹና ሰርቨሮቹ እኩል ስለሚነሡ፣ ትናንት ደህና የነበረ ማሽን ዛሬ አድራሻ አጥቶ የሚገኘውም በዚሁ የተነሣ ሊሆን ይችላል። መፍትሄው ወደ ሰርቨሮቹ በሚሄዱት ፖርቶች ላይ ብቻ ፖርትፋስት (ፖርቱን ሳያስጠብቅ ወዲያው የሚከፍት ቅንብር) ማብራት ነው፤ ስዊችን ከስዊች በሚያገናኝ ፖርት ላይ ፈጽሞ አይበራም፣ የዙር ጣጣ ያመጣልና። ስዊቹን መንካት ካልተፈቀደ በፕሪሲድ ውስጥ የዲኤችሲፒ መጠበቂያውን ወደ 60 ሰከንድ ማሳደግ ለጭነቱ ይበቃል።

ኔትወርክማናጀር (የኔትወርክ ግንኙነቶችን የሚያስተዳድር ፕሮግራም) ባለባቸው ሲስተሞች ሌላም ነገር ይፈተሽ። በሬድ ሃት 9 የግንኙነት ቅንብሩ በነባሪነት የሚቀመጠው በ«ሲስተም ኮኔክሽንስ» ዶሴ ውስጥ ነው፤ የድኅረ ጭነት ስክሪፕት ፋይሉን እዚያ ሲገለብጥ ባለቤቱ ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ)፣ ፈቃዱም 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) ካልሆነ ኔትወርክማናጀር ፋይሉን ይንቀዋል። ይዘቱን መቶ ጊዜ ቢያነቡት ስህተት አይገኝበትም፤ ስህተቱ ፈቃዱ ላይ ነው።

ምልክት፦ ሁለት ማሽኖች በአንድ አድራሻ ይጣላሉ

ሥራው የተካሄደው ከአንድ ማሽን በተቀዳ ኢሜጅ (የዲስክ ሙሉ ቅጂ) ከሆነ፣ የማሽን መለያ ቁጥሩ የሚጻፍበት «ማሽን አይዲ» የተባለው ፋይል አብሮ ተባዝቷል ማለት ነው። ሲስተምዲ ኔትወርክዲ ለዲኤችሲፒ ራሱን የሚያስተዋውቀው ከዚህ ቁጥር በሚያወጣው መለያ ስለሆነ፣ ማክ አድራሻቸው ቢለያይም ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ሁለቱን እንደ አንድ ደንበኛ ያያቸዋል። ኢሜጁ ከመቀዳቱ በፊት ፋይሉ ባዶ ይደረግ፤ ማሽኑ ሲነሣ አዲስ ቁጥር ያወጣል።

ምልክት፦ ያረሙት አድራሻ ከሪስታርት በኋላ ተመልሶ ይበላሻል

በኡቡንቱ ሰርቨር ላይ የዚህ ዋና ተጠርጣሪ ክላውድ ኢኒት የተባለው፣ ማሽኑ ሲነሣ የመጀመሪያ ቅንብሩን የሚጽፈው ፕሮግራም ነው። በኔትፕላን ዶሴ ውስጥ በ50 የሚጀምረውና የክላውድ ኢኒትን ስም የያዘው ፋይል እርሱ የጻፈው ነው፤ በእጅ የገባ ለውጥ እንደማይዘልቅ የሚናገር ማስጠንቀቂያም አናቱ ላይ ሰፍሮ ይገኛል፤ የሚያነበው ግን የለም። ለክላውድ ኢኒት የኔትወርክ ቅንብር እንዲተው የሚያዝ አጭር ፋይል በራሱ የቅንብር ዶሴ ውስጥ ያስቀምጡና የእርስዎን ቅንብር በተለየ ፋይል ይጻፉ። አዳማ ያለውን ሰርቨር ከአዲስ አበባ ሆነው የሚያርሙ ከሆነ «ኔትፕላን አፕላይ» ከማለት «ኔትፕላን ትራይ» ማለት ይሻላል፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ማረጋገጫ ካልሰጡት ወደ ቀድሞው ቅንብር ስለሚመለስ ለአንድ ስህተት አውቶቡስ ተራ አያስኬድም።

ምልክት፦ በአይፒ ይገኛል፣ በስም አይገኝም፤ ወይም ይገኛል ግን ይዘገያል

እዚህ ላይ የሚታየው የስም ሰርቨሮች አድራሻ የሚጻፍበት «ሪዞልቭ ኮንፍ» የተባለው ፋይል ነው። በመጀመሪያ ፋይሉ እውነተኛ ፋይል ነው ወይስ ወደ ሌላ የሚያመላክት ሊንክ የሚለው ይለይ። ሲስተምዲ ሪዞልቭዲ (በማሽኑ ውስጥ ሆኖ ስም የሚያስፈታ አገልግሎት) በሚሠራበት ማሽን ላይ ሊንክ ሆኖ 127.0.0.53 ብቻ ቢያሳይ ጤናማ ነው፤ እውነተኞቹን የስም ሰርቨሮች የሚያሳየው «ሪዞልቭሲቲኤል ስታተስ» ነው። ብዙ የድኅረ ጭነት ስክሪፕቶች ግን ይህን ሊንክ ሰርዘው የዋና መሥሪያ ቤቱን የስም ሰርቨር አድራሻ በቦታው ይጽፋሉ። አዲስ አበባን ከአዳማ የሚያገናኘው ቪፒኤን እስካለ ድረስ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ቪፒኤኑ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱ ሳይነካ የቅርንጫፉ ማሽኖች በሙሉ ስም መፍታት ያቆማሉ።

ለዚህ በችኮላ የሚሰጠው መልስ ከውስጥ ሰርቨሩ ቀጥሎ አንድ የሕዝብ ዲኤንኤስ (ለማንም ክፍት የሆነ የስም ሰርቨር) መጨመር ነው። እኔ አልመክረውም። የመጀመሪያው ሰርቨር ከሞተ፣ በነባሪው አሠራር ሁለተኛው የሚጠየቀው 5 ሰከንድ ከተጠበቀ በኋላ ነው፤ ያ ጥበቃም በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ስለሚደገም ተጠቃሚው «ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው» ይላል። ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው ሰርቨር የድርጅቱን የውስጥ ስሞች አለማወቁ ነው፤ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ሲመልስ ያ መልስ እንደ ትክክለኛ ይወሰዳል እንጂ ሌላ ሰርቨር ተጨማሪ አይጠየቅም። ስለዚህ በአንድ ዝርዝር ውስጥ የሚገቡ ሰርቨሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ስሞችን የሚያውቁ መሆን አለባቸው፤ ጂሊብሲ (የሊኑክስ ፕሮግራሞች ስም የሚያስፈቱበት ላይብረሪ) የሚያነበውም የመጀመሪያዎቹን 3 ብቻ ነው። የሚያዛልቀው መፍትሄ አዳማ ላይ አንባውንድ ወይም ዲኤንኤስማስክ የተባለ አንድ ትንሽ የስም ሰርቨር መትከል ነው፤ የድርጅቱን ዶሜይን ወደ አዲስ አበባ፣ የቀረውን ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው እየመራ መልሶቹን በካሽ ይይዛል፤ ሰርቨሮቹም እርሱን ብቻ ያውቃሉ። ፋየርዎል ካለ 53ኛው ፖርት ለሁለቱም የመረጃ መላኪያ ዘዴዎች፣ ለዩዲፒም ለቲሲፒም፣ ይከፈት፤ ቲሲፒው ከተዘጋ አጫጭር መልሶች ያልፉና ረጃጅሞቹ ይጠፋሉ፣ እንዲህ ያለው ግማሽ ብልሽት ደግሞ ለመያዝ ያስቸግራል።

ምልክት፦ «ዲግ» ይመልሳል፣ ፒንግ ግን ስሙን አላውቅም ይላል

«ዲግ» በቀጥታ የስም ሰርቨሩን ይጠይቃል፤ ፒንግና ሌሎች ፕሮግራሞች ግን «ኤንኤስስዊች ኮንፍ» በተባለው ፋይል ውስጥ «ሆስትስ» በሚለው መስመር ላይ በሰፈረው ቅደም ተከተል ይሄዳሉ። የድርጅቱ የውስጥ ዶሜይን በ«ሎካል» የሚያበቃ ከሆነና መስመሩ ላይ «ኤምዲኤንኤስ» (እንደ አታሚ ያሉ በአካባቢው ኔትወርክ ያሉ መሣሪያዎችን በስም የሚፈልግ ዘዴ) ከ«ዲኤንኤስ» ቀድሞ፣ ካልተገኘ ተመለስ ከሚለው ማዘዣ ጋር ከተጻፈ፣ ጥያቄው ስም ሰርቨሩ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ሰርቨር አታሚ ፈልጎ ስለማይዞር ኤምዲኤንኤስን ከመስመሩ ማውጣት ጉዳት የለውም።

«ሱዱ» (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ትእዛዝ የሚያስፈጽም ፕሮግራም) የራሱን ሆስት ስም መፍታት አልቻልኩም ካለ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ ስሙ በጭነት ጊዜ ተቀይሮ «ሆስትስ» ፋይሉ አልተከተለም። በዴቢያንና በኡቡንቱ በ127.0.1.1 ትይዩ አዲሱ ስም ይጻፍ። የማሽኑ ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ቀርቶ ከተገኘም፣ ባትሪው የሞተ ማሽን ላይ ይህ አዲስ አይደለም፣ ዲኤንኤስሴክን (በዲኤንኤስ መልሶች ላይ የሚደረግ ፊርማ) የሚያረጋግጥ ሪዞልቨር (ስም ፈቺ) ትክክለኛውን መልስ ሁሉ ጊዜው ያልደረሰ ብሎ ይጥለዋልና ሰዓቱ ይቅደም።

መንስኤው ከታወቀ በኋላ እርማቱ በመልስ ፋይሉ ላይ ይግባ፤ ከዚያም ከአዳማው ስዊች ጋር የተያያዘ አንድ ሰርቨር ተጠርጎ እንደገና ይጫንና አንዴ ተጨማሪ ሪስታርት ይደረግ። አድራሻውም ስሙም ከሁለተኛው መነሣት በኋላ ካልጠፉ የቀሩት ሰርቨሮች በዚያው ፋይል ይቀጥሉ።