«ማለት ነው» ለሚበዛባችሁ
ደብረ ብርሃን ላይ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ፣ ይቺን ሞክሯት። «እ... የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው ማለት ነው፣ ያው ልምዴ ደግሞ... እንትን... ሁለት ዓመት ማለት ነው» የሚል መልስ ጎበዙን ሰው ያልተዘጋጀ ያስመስለዋል። ያሳዝናል፤ ሥራውን እኮ ያውቀዋል!

ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ከንፈራችሁን ግጥም አድርጉ፣ በአፍንጫ አየር ሳቡ፣ ከዚያ ቀጥሉ። «እ...» የሚመጣው ቀጣዩን ቃል ስንፈልግ ዝምታውን ለመሙላት ነው። አፍ ተዘግቶ አየር እየገባ ግን «እ» ማለት ያስቸግራል። ዝምታው ለእናንተ ነው የሚረዝመው፤ ሰሚው እያሰባችሁ እንደሆነ ይገባዋል። ስልካችሁ ላይ ድምፃችሁን እየቀዳችሁ ተለማመዱ።

ቃለ መጠይቁ በስልክ ከሆነ ግን ዝም አትበሉ፤ መስመሩ የተቋረጠ ይመስላቸዋል። እዚያ «አንዴ ላስብበት» ማለት ይሻላል።