ኬሞ ላይ ላለ ሰው ቁስሉ እንዲድን ምን እናብላ?

እማዬ የአንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ጥቁር አንበሳ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ስትጀምር፣ ከእምብርቷ በታች ያለው ቁስል ጥፍር በምታህል ቦታ ተከፈተ። አልገጥም አለ። ደነገጥኩ። ፒያሳ ወርጄ ሦስት ዓይነት ቫይታሚን ገዛሁ።

ደግነቱ ሳልሰጣት ለሐኪሟ አሳየሁ። አንዱ ፎሊክ አሲድ ነበረው። የእሷ ኬሞ ደግሞ ካፔሲታቢን የሚባለው ክኒን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ተቅማጡም የአፍ ቁስሉም ሊብስ ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ክኒንም ይሁን ሽሮፕ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ። ስሙን ብቻ ነግራችሁ አትመለሱ።

ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ያጠቃል። ቁስል የሚሞሉትም እንደዚያው ናቸው። ለዚህ ነው የሚዘገየው።

ከቫይታሚን በፊት ፕሮቲን። እኛ ቤት ጠዋት በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ቀን ምስር ወይም ሽሮ፣ ማታ የፈላ ወተት ነው። ብዙ በአንዴ አይሄድላትም፤ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ክልክል ነው። ያኔ ጾም ነበር፤ እማዬ «አልፈስክም» ብላ አስቸገረችኝ። የንስሐ አባቷን ቤት ድረስ ጠራኋቸው። «ልጄ፣ መድኃኒትሽ ነው፣ ብዪ» ሲሏት በላች። ቀደም ብዬ በጠራኋቸው ኖሮ!

ቫይታሚን ሲ አዲሱን ሥጋ ለሚያያይዘው ኮላጅን ያስፈልጋል። 100 ግራም ዘይቱን (ጓቫ የሚባለው ፍሬ) ከ200 ሚሊ ግራም በላይ አለው፤ ብርቱካን 50 ገደማ ነው። እኔ አራት ኪሎ ጉልት ላይ ስገኝ ዘይቱን አላልፍም፤ በደንብ አጥቤ፣ ልጬ እሰጣታለሁ። አፏ ሲቆስል ብርቱካን ስላቃጠላት በፓፓያ ተካሁት። ዚንክ ከምስርና ከበሰለ ሥጋ ይገኛል። በክኒን ሲበዛ ግን ሰውነት መዳብ እንዲያንሰው ያደርጋል፤ ሐኪም ካላዘዘ ይቅር።

ቁስሉን እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ነርሷ እንዳሳየችኝ ብቻ ነው የምጠርገው። ቅቤም ፌጦም አይነካውም።

በኬሞ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል። ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ማስታገሻ ሰጥታችሁ አታስተኟት። ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። እኔ ካርዷንና መድኃኒቶቿን በአንድ ቦርሳ አድርጌ በሩ ሥር አስቀምጣለሁ።